የጉሉኮስ ሳንሱር

ውሃ ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሲፈስ ኖሯል። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለምን እንደሚወርድ ግን ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ዓባይን የሚያህል ወንዝ እንኳ ጉባ ላይ «ቁም!» የሚለው እስኪመጣ ድረስ አንድም ቀን መታወቂያ ሳይጠየቅ አገር ጥሎ ሲሄድ ከርሟል። ይህን የዘመናት ሥርዓት አልበኝነት፣ ቢያንስ በጉሉኮስ ደረጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቆሙት ሰው አቶ ምንይችል ይባላሉ። ታሪክ ስማቸውን ሳይመዘግብ ቢቀር ጥፋቱ የታሪክ ነው፤ እኛ ግን የድርሻችንን እንወጣለን።

አቶ ምንይችል ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለክብሯ ስንል ስሟን በማንጠራት አንዲት ከተማ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ ተጠባባቂ ኃላፊ ናቸው። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ከማዕረጋቸው ፊት ከተቀመጠች አራት ዓመቷ ሲሆን እንድትነሳ ያልተሳሉት ስለት አልነበረም። ወደ አስተዳደር ከመግባታቸው በፊት ከደጋ ተመድበው መጥተው አሥራ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምረዋል። ጠመኔውን ቢተዉትም ቀዩ እስክሪብቶ ግን ከደረት ኪሳቸው አልወረደም። የሠርግ ጥሪ ያርማሉ፤ የቀብር ማስታወቂያ ያርማሉ። አንድ ጊዜ ሐኪሙ ማዘዣ ላይ «በቀን ሦስቴ» ብሎ የጻፈውን «በቀን ሦስት ጊዜ» ብለው እስኪያስተካክሉ ድረስ በሽተኛው ትኩሳቱን ይዞ ቆሞ ጠብቋል። ተሻለው አልተሻለው አናውቅም፤ ማዘዣው ግን ተሽሎታል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት፣ ወባው በበረታበት ሰሞን ነው። የአልጋ ክፍሉ ዘጠኝ አልጋ አለው፤ ነርሷ ግን አንዲት፣ ሲስተር ሸዋሉል ብቻ ናት። ፓዌ ከሰፋሪ ቤተሰብ ተወልዳ ያደገች፣ ሥራ የማትፈራ ልጅ ናት። ዘጠኝ ጉሉኮስ ባንድ ጊዜ ተሰቅሎ ማዋለጃ ክፍል ስትጠራ ግን ሁለት ቦታ መሆን ያቅታታል። ጉሉኮሱ ሳይታይ ካለቀ ደም በቱቦው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መርፌው ይደፈናል፤ ያ ሁሉ ትግል ተደርጎ የደም ሥሩ የተገኘለት ሕፃን እንደገና ይወጋል። ስለዚህ «ፈሳሹ ሊያልቅ ሲል የሚያስታውቅ መሣሪያ ይሰጠን» ብላ ለበላይ አካል ጻፈች። የበላይ አካልም መልስ ሰጠ፤ ይህ ራሱ ለብቻው ሊከበር የሚገባው ቀን ነበር።

አቶ ምንይችል ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡ። «በጉሉኮስ መስመሮችና በውሃ ታንከሩ ላይ የፈሳሽ ፍሰት ሴንሰር እንዲኖር ስለታሰበ ጤና ጣቢያው ቅድመ ዝግጅት እንዲያደርግ» ይላል። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ። ስህተቱ አሁንም እዚያው ነበር።

«ሲስተር» አሉ በሐዘን፣ «ይህን የጻፈው ሰው እንዴት ከስድስተኛ ክፍል እንዳለፈ እንጃ። 'ሴንሰር' ይላል።»

«አዎ፣ ሴንሰር ነው። የጠየቅነው እኮ ነው።»

«ሳንሱር ነው የሚባለው።»

«አይ አቶ ምንይችል፣ ሳንሱርማ ሌላ ነው። ሴንሰር ማለት ፈሳሹ ሊያልቅ ሲል አውቆ ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ ነው።»

«አውቆ! ዕቃ የሚያውቅ ከሆነ እኔና አንቺ እዚህ ምን እንሠራለን? አንድ ነገር ወደ ሕዝብ ከመተላለፉ በፊት የሚመረመርበት አሠራር ሳንሱር ይባላል። ፍሰትን መቆጣጠር ማለት ይኸው ነው።»

«ጉሉኮስ ምን ይናገራል ብለው ነው የሚመረመረው?»

አቶ ምንይችል እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ድሮም አይወዱም ነበር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል አልሰማሽም?» አሏት። «እያሳሳቀ የሚወስድ ነገር ደግሞ ዝም ተብሎ አይለቀቅም። ዓባይ እንኳ ዛሬ ቆሞ ነው የሚያልፈው። ጉሉኮስ ከዓባይ ይበልጣል?»

ቀዩ እስክሪብቶ ከኪስ ወጣ፤ «ሴንሰር» ተሰረዘ፤ በላዩ ላይ ባማረ ጽሕፈት «ሳንሱር» ተጻፈ። የታረመው ደብዳቤም «በእናንተ በኩል የታየው የሆሄያት ግድፈት በእኛ በኩል የተስተካከለ መሆኑን፣ ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልጉ ሦስት ሳንሱሮችም በጤና ጣቢያችን በራስ አቅም የተሟሉ መሆኑን እንገልጻለን» ከሚል ሸኚ ጋር ወደ ላኪው ተመለሰ። ሲስተር ብቻዋን ወደ አሶሳ ደወለች። ደብዳቤውን የጻፉት ወይዘሮ ሕሊና ለሥልጠና ሄደዋል፤ ሲመለሱ ይደወል ተባለች። በሳምንቱ የደረሰው መልስ አጭርና ግልጽ ነበር፦ «በእናንተ በኩል በተገለጸው መሠረት ተግባራዊ ይሁን።» በዚህ አገር እንዲህ የሚል ደብዳቤ የሚጻፈው የተገለጸውን ማንም ሳያነብ ሲቀር እንደሆነ እኛ እናውቃለን። አቶ ምንይችል ግን ሰው ያምናሉ።

ወዲያውኑ የፈሳሽ ፍሰት ሳንሱር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ምንይችል፣ ጸሐፊው የመዝገብ ቤቱ ነብዩ፣ አባሉ ደግሞ የበር ጥበቃው ጋሽ ደባልቄ ሆኑ። ጋሽ ደባልቄ የተመረጡት ሰው አቁሞ በመፈተሽ የሃያ ዓመት ልምድ ስላላቸው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል መፈክር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ጉሉኮስ ወደ በሽተኛ ከመግባቱ በፊት ለኮሚቴው ቀርቦ፣ ተነቦና ተመርምሮ፣ «ታይቷል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ፕላስተር ሊለጠፍበት ግድ ሆነ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ኮሚቴው ከጉሉኮሱ ላስቲክ ላይ «ኖርማል ሳላይን» ከሚለው ጽሑፍ አልፎ መሄድ አልቻለም።

«'ኖርማል' ማለት 'ጤነኛ' ማለት አይደል?» አለ ነብዩ።

«ነው» አሉ ሰብሳቢው።

«ጤነኛ ከሆነ ሐኪም ቤት ምን አመጣው?» አሉ ጋሽ ደባልቄ፤ ነገሩም ለተጨማሪ ማጣራት ተቀጠረ።

የውሃ ታንከሩ ጉዳይ የተሻለ ተቃና። ጋሽ ደባልቄ ቧንቧው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ተመደቡ፤ ማታ ማታ ሪፖርት ያቀርባሉ።

«ውሃው ምን ሲል ዋለ?»

«'እሽሽሽ' ሲል ነው የዋለው ጌታዬ።»

«እሺ ይላል ማለት ነው?»

«ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።»

ነብዩም «ውሃው ቀኑን ሙሉ እሺ እያለ በመፍሰሱ ይለፍ ተብሏል» ሲል ጻፈ። ሐሙስ ዕለት ግን ታንከሩ ባዶውን ቀረና ቧንቧው «እም... እምምም...» እያለ አየር ይተፋ ጀመር። ይህ ማጉረምረም ስለሆነ ቧንቧው ለሁለት ቀን እንዲታገድ ተወሰነ። እገዳው ውሃ በሌለው ቧንቧ ላይ ስለተጣለ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆነ፤ በጤና ጣቢያው ታሪክ መቶ በመቶ የተፈጸመ ውሳኔ ይህ ብቻ ነው።

በሽተኞቹስ? በሽተኞቹን ያተረፈቻቸው የሲስተር ሸዋሉል ጥፍር ናት። ማኅተም ያለበትን ፕላስተር ካለቀው ላይ እየላጠች ለአዲሱ ትለጥፍ ነበር። አንዲት «ታይቷል» አሥራ አንድ ጉሉኮስ ድረስ አገልግላለች። የዘጠኙ አልጋ ጭንቅ ግን አልቀለላትም፤ እንዲያውም ኮሚቴው «አስረጂ» እያለ በጠራት ቁጥር ክፍሉ ባዶውን ይቀር ነበር። አንድ ቀን ከስብሰባ ስትመለስ የአራት ዓመት ልጅ ቱቦው ደም ሞልቶ፣ እናትየዋ በሁለት እጇ ይዛው ስታለቅስ አገኘቻት። ያን ቀን ሲስተርም አለቀሰች። እዚህ ላይ ማሾፍ አያምርምና እናልፈዋለን።

ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ሆና የምታይ አንዲት ሴት ነበረች፤ የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ብኸይታ። ብኸይታ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ እናቷና አክስቶቿ መንጌ ወንዝ ዳር ወርቅ አጥበው የኖሩ ናቸው። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ስለሆነ ወንዱን ከሴቱ ብዙም አይለይም፤ ይህም ለአቶ ምንይችል የዕለት ተዕለት ራስ ምታት ነበር። በማግስቱ ብኸይታ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ደረቅ ቀርከሃ ይዛ መጣች። መሃሉን በገመድ አሥራ ከጉሉኮስ መስቀያው ላይ አንጠለጠለችው። ባንዱ ጫፍ ጉሉኮሱን ሰቀለች፤ በሌላው ጫፍ ወርቁ ታጥቦ የወጣለት አሸዋ በጨርቅ ቋጥራ፣ ከሥሩ የፍየል ቃጭል አሠረች። ጉሉኮሱ ብዙ ሳለ ቀርከሃው ወደ እሱ እንዳዘነበለ ይቆያል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አሸዋው ይከብድና በትሩ ይገለበጣል፤ ቃጭሏም ትጮኻለች። ያኔ ብኸይታ «ኸላስ!» ትላለች፤ በቃ፣ አለቀ ማለቷ ነው። ባለቀርከሃ አልጋዎች በሦስት ቀን ዘጠኝ ሆኑ። አስታማሚው ሁሉ ቃጭል በሰማ ቁጥር «ኸላስ!» እያለ ይጠራ ስለነበር ሲስተር በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን ተቀምጣ በላች።

አቶ ምንይችል ድምፁን ከቢሯቸው ሰሙት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«ይሄ ሴንሰር ነው ኃላፊ። ሲስተር ነገረኝ» አለች ብኸይታ።

«'ነገረችኝ' በይ! ሲስተር ሴት ናት። ደግሞም 'ሳንሱር' በይ።»

«ወላሂ ሳንሱር ሌላ። እሱ ያስቆማል። ይሄ ይናገራል።»

«ችግሩም እሱ ነው!» አሉ አቶ ምንይችል። «ማን ፈቅዶለት ነው የሚናገረው?»

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ቀርከሃው ስለማይናገር ተፈቀደለት፤ አሸዋውም እንዲሁ። ቃጭሎቹ ግን አስቀድሞ ያልታየ ድምፅ ለሕዝብ በማሰማት ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ። ኮሚቴው ጨካኝ ስላልነበረ አልሰበራቸውም፤ ምላሳቸውን ብቻ አስወለቀ። ዘጠኙ ምላሶች በቡናማ ፖስታ ታሽገው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው መዝገብ ቤት ገቡ። ቃጭሎቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ከሩቅ ላያቸው ምንም የጎደላቸው አይመስሉም።

ወባ ግን ደብዳቤ አያነብም። በኅዳር መጀመሪያ አቶ ምንይችል ምሳ ሰዓት ላይ ተንቀጠቀጡ፤ ማታውን ማስመለስ ጀመራቸው፤ ጠዋት በሰው ድጋፍ አራተኛው አልጋ ላይ ተኙ። ከንፈራቸው ደርቆ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቋል። ሲስተር ጉሉኮስ አዘዘች። ነብዩ መመሪያውን ይዞ ከተፍ አለ።

«አይሆንም። አንቀጽ ሰባት 'ማንኛውም የኮሚቴ አባል በራሱ ጉዳይ ላይ አይቀመጥም' ይላል። ሰብሳቢው የሉበትም ማለት ነው፤ ሁለታችን ብቻ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አንሞላም።»

ጋሽ ደባልቄ አሰቡበትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኧረ ልጄ፣ ጌታዬ መቼ ተቀመጡ? ተኝተዋል እኮ!»

በሕግ ትርጓሜ ታሪክ እንዲህ ያለ ብርሃን እምብዛም አይታይም። አቶ ምንይችል እንደተኙ በግራ እጃቸው ፈረሙ፤ «ታይቷል» ተመታ፤ ጉሉኮሱ ከቀርከሃው ጫፍ ተሰቀለ። ፈሳሹ በደም ሥራቸው ሲገባ ነፍሳቸው መለስ አለች። ትክክለኛ አሠራር እንዴት እንደሚያረካ እያሰቡ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

ሲነቁ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሲስተር ማዋለጃ ናት። ዓይናቸውን ቀና ሲያደርጉ በትሩ ተገልብጧል፤ ቃጭሏ ከላይ ከታች ትወዛወዛለች፤ ድምፅ ግን የላትም። ጉሉኮሱ ተጨማድዶ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከክንዳቸው ጀምሮ ቀይ መስመር በቱቦው ወደ ላይ ይወጣል፤ ልክ እንደ እስክሪብቷቸው ቀለም ደማቅ ነበር። አቶ ምንይችል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ላይ ያሠመሩትን ቀይ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ላይ ሲሠመር አዩና ፈሩ። በእውነት ፈሩ።

«ሳ... ሳንሱር!» አሉ ባላቸው ድምፅ። «ሳንሱር!»

ጋሽ ደባልቄ በመስኮት ብቅ አሉ። አዩ። «ታይቷል ጌታዬ!» ብለው ወደ ቧንቧቸው ተመለሱ።

ቀዩ አንድ ስንዝር ጨመረ። አቶ ምንይችል የሚያውቁትን አማርኛ ሁሉ አገላበጡ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማሩት ቋንቋ አንዲት የምትጠቅም ቃል አላቀበላቸውም። በመጨረሻ ከየት እንደመጣች ያላወቋት ከአፋቸው ወጣች።

«ካላስ! ካላስ!»

ብኸይታ መወልወያዋን በረንዳው ላይ ጥላ ሮጠች። የቱቦውን መቆጣጠሪያ ዘጋች፤ ሲስተርንም ተጣርታ አስመጣች። ሲስተር መርፌውን አጥባ አዲሱን ስትቀጥል ብኸይታ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ አየቻቸው።

«ኃላፊ፣ 'ካላስ' አይባልም» አለች በትሕትና። «'ኸላስ'። ከዚህ ነው የሚወጣው።» ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች።

«ኸላስ» አሉ አቶ ምንይችል።

«አሁንም።»

«ኸላስ።»

«ማሻላህ። ጎበዝ ነሽ።»

ኃላፊው «ጎበዝ ነህ» ወይም «ጎበዝ ነዎት» ማለት እንደነበረባት አላረሟትም። ይህን ስናይ በሽታው ምን ያህል እንደጸናባቸው ተረዳን። ከሰዓት በኋላ ፖስታው ተከፈተ፤ ዘጠኙም ምላሶች ወደየቃጭላቸው ተመለሱ። ነብዩ ለመውጫ የሚሆን መነሻ ደብዳቤ ቢጠይቅም ሰብሳቢው መጀመሪያ ያገኙትን ጫማ ወረወሩበት፤ ጫማውም ከፋይሉ ጋር ተያያዘ።

ሰው ከሞት አፋፍ ሲመለስ ይለወጣል ይባላል። አቶ ምንይችል ከአልጋቸው እንደተነሱ ወይዘሮ ሕሊና ከሥልጠና ተመልሰው ለጉብኝት እንደሚመጡ ሰሙ፤ እውነትም ተለወጡ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው በመዝገብ ቤቱ ያለውን «ሳንሱር» ሁሉ «ሴንሰር» ብለው ሲያርሙ ሦስት ቀን ሠሩ። ከቃሉ በቀር የተነካ ነገር የለም። ኮሚቴው የፈሳሽ ፍሰት ሴንሰር ኮሚቴ ተባለ።

«እኔስ ጌታዬ ምን ልባል?» አሉ ጋሽ ደባልቄ።

«አንተ ሴንሰር ነህ።»

ጋሽ ደባልቄ ቤታቸው ገብተው ለሚስታቸው አበሰሩ፤ ጎረቤትም «እንኳን ደስ አለዎት» አላቸው።

በጉብኝቱ ዕለት ዳስ ተጣለ፤ ወንበር ተደረደረ። ወይዘሮ ሕሊና ቁጥብ ሴት ናቸው። «አቶ ምንይችል፣ ለእናንተ ተመድበው የነበሩት ዘጠኝ ሴንሰሮች ለሌላ ጤና ጣቢያ ተሰጥተዋል» አሉ ገና እንደተቀመጡ። «ሦስት አሉን ብላችሁ ስለጻፋችሁ። እስኪ አሳዩኝ።»

ሲስተር ሸዋሉል ዓይኗ ጋሽ ደባልቄ ላይ ዐረፈ። ጋሽ ደባልቄ ኮታቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«በቀርከሃ የሚሠራ የአገር ውስጥ ፈጠራ አለን» አሉ አቶ ምንይችል ቶሎ ብለው።

የሴትዮዋ ፊት በራ። «እውነት? የሚሠራ ከሆነ ፈጣሪው አሶሳ ይምጣና ሌሎቹን ያሠልጥን። ሹመት የሚገባው ከሆነም እናስብበታለን።»

አቶ ምንይችል «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ከግንባራቸው ላይ ብድግ ስትል ተሰማቸው። ወዲያው ወደ ድምፅ ማጉያው ሄዱ። «የተከበራችሁ እንግዶች! ይህ በአመራሩ ቁርጠኛ ክትትል የተገኘው የፈሳሽ ፍሰት ሴንሰር፣ ከዓባይ እስከ ጉሉኮስ ባለው ሰንሰለት ውስጥ፣ ከግንዛቤ ማስጨበጥ እስከ ግንዛቤ ማስፋት...» እያሉ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈሰሱ። ፀሐዩ ዳሱን አልፎ እንግዶቹ ጭን ላይ ደረሰ። «...ይህን ፈጠራ ለመፍጠር የተነሳሳው አመራር ማን እንደሆነ ስንመለከት...» ሲሉ ከአልጋ ክፍሉ ቃጭል ጮኸች።

«ኸላስ!» አለች ብኸይታ ከውስጥ።

የአካባቢው ሰው ሁሉ ቃሏን ያውቃታል። ዳሱ ውስጥ ያለው በእፎይታ አጨበጨበ፤ እንግዶቹም ንግግሩ ማለቁ መስሏቸው ተነሱ። ሴንሰሩ ሳንሱር ያደረገው ብቸኛ ፍሰት ይህ የአቶ ምንይችል ንግግር ነው።

ሁሉም ወደ ክፍሉ ገባ። ብኸይታ ያለቀውን አውርዳ፣ ሲስተር አዲሱን ስትሰቅል ቆመው አዩ። ወይዘሮ ሕሊና የአሸዋውን ቋጠሮ በጣታቸው ገፋ አድርገው ፈተኑት፤ ፈገግ አሉ።

«ማነው የሠራው?»

አቶ ምንይችል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመድ አሉ። ሲስተር አፏን ልትከፍት ስትል ብኸይታ መወልወያዋን ደገፍ ብላ ቀደመቻት።

«እኔ ሠራው» አለች።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የአሥራ ስምንት ዓመት አማርኛ ከአቶ ምንይችል ጉሮሮ ማንም ሳይመረምረው ፈንቅሎ ወጣ።

«'ሠራሁት' በይ!»

«ሠራሁት» አለች ብኸይታ።

ነብዩም እንደ ደንቡ በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ፦ «ፈጣሪዋ ብኸይታ መሆኗን ተጠባባቂ ኃላፊው ራሳቸው አርመው አጽድቀዋል። ታይቷል።»